በቦሩ ሜዳ ስማቸውን የቀየሩት ኢማም

ከመስከረም እስከ ጥር 2007 ዓ.ም. ድረስ ኮባኒ የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ የዓለምን ዜና ይዛ ነበር። በሶርያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከቱርክ የድንበር አጥር ሥር የምትገኝ የኩርዶች ከተማ ናት። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሰየመው ቡድን በየአቅጣጫው ገባባት። የኩርድ ተዋጊዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ቤት ለቤት እየተታኮሱ፣ አሜሪካኖችም ከአየር እየደበደቡላቸው ከአራት ወር በላይ ከፈጀ ውጊያ በኋላ አስወጡት። ከተማይቱ ግን ፍርስራሽ ሆና ቀረች። በዚያን ሰሞን ብዙዎቻችንን ያስጨነቀን የጦሩ ስልት አልነበረም። ካጥቂውም ከተከላካዩም ወገን የወደቁት አብዛኞቹ ከሙስሊም አባትና እናት የተወለዱ መሆናቸው ነበር። አንዱ ሌላውን ከሃዲ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ያንን መልሶ ሃይማኖትን መነገጃ ያደረገ ነፍሰ ገዳይ ይለዋል።

እንዲህ ያለው ነገር የዓረብ አገር ወሬ ብቻ የሚመስለው ሰው የወሎን ታሪክ ያላነበበ መሆን አለበት። ከደሴ ተነስቶ ወደ ሐይቅ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳን ያልፋል። ዛሬ እህል የሚዘራበትና ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከዚያ ሐይቅ ከተማ ይገባል፤ ሐይቅን አልፎ ሽቅብ ሲል የአምባሰል ተራሮች ይቀበሉታል። ይህች አጭር መንገድ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ አንድ ሕዝብ ሁለት ቦታ ተከፍሎ የተዋጋባት፣ በአንዱ ወገን ወንድሙ በሌላው ወገን ሸሁ የቆመባት መንገድ ናት። በዚያ ውጊያ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ለፍርድ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት የወሎ ገዥ ናቸው።

ስለ እኚህ ሰው የሚጻፈው አብዛኛው የሚጀምረው ከክርስትና ስማቸው ነው። በፊት የነበሩትን ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ዓመታት በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። እኛ ግን ከዚያ ብንጀምር ይሻላል።

መሐመድ ዓሊ በ1842 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ፣ እናታቸው ወይዘሮ ጌጤ ይባላሉ። ቤታቸው ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወረ ሂመኖን ማዕከል አድርጎ ወሎን የገዛው፣ ማመዶች በመባል የሚታወቀው የመሳፍንት ቤት ነው። የዚህ ቤት ገዥዎች ኢማም የሚለውን የማዕረግ ስም ሲይዙ ለጌጥ አልነበረም። ሥልጣናቸውን ከእስልምና ጋር ያስተሳሰሩ፣ ዑለማን የሚያስጠጉ፣ ለመስጊድና ለመድረሳ መሬት የሚሰጡ ነበሩ። በዚያው ዘመን ወሎ በጃማ ንጉሥ ሸህ መሐመድ ሻፊን፣ በሌሎችም ቦታዎች ሌሎች ታላላቅ ሸሆችን ያፈራች፣ ከሩቅ አገር ደረሳ የሚመጣባት የዕውቀት ምድር ነበረች። መንዙማው በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ የሚጻፍባት ምድርም ናት። ስለዚህ መሐመድ ዓሊ የተወለዱት ሥልጣንና ሃይማኖት ባንድ ጋቢ በሚለበሱበት ቤት ነው።

የልጅነት ዘመናቸው ግን የደም ዘመን ነበር። ገና አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1848 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ወሎ ገብተው መቅደላን ያዙ። መቅደላ ተራ ተራራ አይደለችም። እሷን የያዘ የወሎን አንገት የያዘ ያህል ስለሆነ ቴዎድሮስ መድፋቸውንም እስረኞቻቸውንም፣ በመጨረሻም ራሳቸውን ያኖሩባት እዚያ ነው። የወሎ ባላባቶች ግን አልገዛም አሉ። ዘመቻ በዘመቻ ላይ ተደረበ፤ እህል ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ። በ1857 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ ያስጠጓቸው የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂቱ ነበሩ። የወይዘሮዋ ልጅ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ በአምባው ላይ ነበርና በንዴት ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ተገደለ። ልጃቸው መገደሉን ቢሰሙም ወርቂቱ ምኒልክን አሳልፈው ወደ ሸዋ ሸኙት። ምኒልክ ንጉሥ የሆኑት አንዲት ሙስሊም እናት በልጇ ሐዘን ውስጥ ሆና በከፈተችላቸው በር ወጥተው መሆኑን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መጡ፤ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ መቅደላም ተቃጠለች። እንግሊዞች ሲወጡ የወሎ መሳፍንት እርስ በርስ ገጠሙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ በአንድ በኩል፣ አባ ዋጠው የሚባሉት ኢማም አመዴ ሊበን በሌላ በኩል ሆነው ለአባቶቻቸው ወንበር ተፎካከሩ። ከደቡብ ምኒልክ፣ ከሰሜን አፄ ዮሐንስ እየገፉ መጡ። የወሎ ኢማሞች ሁለት ቤት ሆነው ሲጣሉ ሁለት ንጉሦች መካከላቸው ገቡ ማለት ነው። የኋላውን ሁሉ መከራ ያመጣው የክርስቲያን ንጉሥ ብርታት ብቻ ነበር የሚል ሰው ይህን ክፍል ደግሞ ያንብበው።

አፄ ዮሐንስ ለምን ያን አዋጅ አወጁ? ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ምክንያታቸውን ማንሳት ይገባል። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ኸዲቭ ጦር ሁለት ጊዜ፣ በጉንደትና በጉራዕ፣ መጥቶባቸው ሁለቱንም ጊዜ ድል አድርገውታል። ከዚያ በኋላ በዓይናቸው ሙስሊም ማለት የግብፅ ዘመድ ሆነ። አገር አንድ የምትሆነው ሃይማኖት አንድ ሲሆን ነው ብለው ቆረጡ። የራሳቸው ዜጋ የሆነው የወሎ ገበሬ ግን ኸዲቭ እስማኤልን አያውቅም፤ ካይሮም የት እንዳለች አይጠይቅም። በሌላ ሰው ጦርነት ምክንያት የእሱ ጸሎት ወንጀል ሆነ።

መጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ በልቼ ለዮሐንስ ገብተው ንጉሠ ሸዋ መሆናቸው ታወቀላቸው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሁለቱ ነገሥታት ከሊቃውንት ጋር ቦሩ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። ጉባኤው የተጠራው በዋነኛነት የቤተ ክርስቲያንን የውስጥ ክርክር ለመጨረስ ነበር፤ ሦስት ልደት የሚሉት ተረቱ፣ ተዋሕዶ ጸና። ሙስሊሙ በዚያ ክርክር ምንም ድርሻ አልነበረውም። ፍርዱ ግን በእሱ ላይ ከሁሉም ከበደበት። ሹመት ያለው ሙስሊም ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ፤ ለተራው ሕዝብ የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጠ። በየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ፣ ለካህናትም ዐሥራት እንዲከፍል ታዘዘ።

ሁለቱ ተፎካካሪ ኢማሞች እዚያው ተጠመቁ። መሐመድ ዓሊን ዮሐንስ ክርስትና አንስተው ሚካኤል አሏቸው፤ አመዴ ሊበንን ደግሞ ምኒልክ ክርስትና አንስተው ኃይለ ማርያም አሏቸው። ልብ በሉ፤ በጥምቀቱ ውስጥ እንኳ የፖለቲካው ሂሳብ አለ። እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ኢማም ልጅ አድርጎ ወሰደ። መሐመድ ዓሊ ትልቁን የክርስትና አባት አገኙና ራስ ተባሉ።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? አንዱ መልስ ያው የታወቀው ነው፤ ሃይማኖታቸውን ለሹመት ሸጡ የሚል። ሌላው መልስ ደግሞ ሕዝባቸውን ከጥፋት ለማትረፍ ራሳቸውን ሰጡ ይላል። ሁለተኛው መልስ በወሎ ሽማግሌዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ለሰሚ ጆሮም ይጥማል። እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ሁለት ታላላቅ ጦሮች ሜዳው ላይ ሰፍረው እንደነበር እውነት ነው። እምቢ ያሉ ሌሎች ግን ነበሩ፤ ርስታቸውን ጥለው ወደ ጅማ፣ ወደ አርሲ፣ ወደ ሐረር ተሰደዋል። ከእነዚያ ስደተኞች መካከል ብዙዎቹ ባረፉበት አገር እስልምናን አስተምረዋል። የሥልጣን ሰው መንገድና የዒልም ሰው መንገድ ቦሩ ሜዳ ላይ ተለያዩ ቢባል እውነቱ ይቀርባል።

የዒልሙን መንገድ ከያዙት ውስጥ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው ሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ናቸው። የአርጎባ ተወላጅ ናቸው፤ በ1870 ዓ.ም. ገና የሃያ አምስት ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ። ለኢማሙ በዕድሜ እምብዛም አይርቁም። የሦስቱ ዓመት ጊዜ ሲያልቅና ማስገደዱ ሲጠነክር ሸህ ጦልሐ ጂሃድ አወጁ። በቃሉና በአካባቢው ደረሶቻቸውና ገበሬው ተከተሏቸው። መሣሪያቸው ጦርና ጋሻ፣ ጥቂትም ጠመንጃ ነበር። ከወዲያ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው፣ ከሸዋም ምኒልክ ዘመቱባቸው። ከሁሉም የሚከብደው ግን በራስ ሚካኤል ሥር ያለው የወሎ ሠራዊት ነው። ይህ ሠራዊት ትናንት ከእነዚሁ ሰዎች ጋር በአንድ መስጊድ ይሰግድ የነበረ ሠራዊት ነው።

ኮባኒን ያነሳሁት ለዚህ ነው። ነገር ግን ንጽጽሩን ከልኩ በላይ መለጠጥ ስሕተት ይሆናል። የሸህ ጦልሐ ሰዎች የሰው አገር ወርረው፣ የሌላውን ሴት ማርከው፣ ከተማ ሊነጥቁ የመጡ አልነበሩም። በገዛ ቀዬአቸው አትስገዱ ስለተባሉ የተነሱ ናቸው። ጂሃድ የሚለው ቃል በሁለቱም አፍ ስለተነገረ ብቻ ሁለቱን አንድ ማድረግ ለቃሉም ለታሪኩም በደል ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ያ ቡድን በሊቢያ ምድር ኢትዮጵያውያንን ሲያርድ የወሎ ሙስሊም ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር አብሮ ማልቀሱ ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ የሚያውቀው ስለሆነ ነው። የሚመሳሰለው ሌላው በኩል ነው፦ ከሙስሊም ቤት የወጣ ተዋጊ፣ ከኋላው የቆመ ትልቅ ኃይል አለ፣ ከፊቱ ደግሞ በአላህ ስም የተነሳ ወገኑ። የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ምን ያስብ እንደነበረ የጻፈልን የለም።

አመፁ በኃይል ተሰበረ። ጥቂት የማይባሉ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ኪታብ ተሸሸገ፤ ሕዝቡም ቀን የክርስትና ስሙን፣ ማታ የአባቱን ስም እየያዘ መኖርን ለመደ። ሸህ ጦልሐና ሌሎች ብዙዎች ወደ ምዕራብ ተሻግረው ወደ መተማ፣ ወደ ሱዳኖቹ መህዲስቶች ዘንድ አመሩ። መህዲስቶቹ ጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ ዮሐንስም በሚቀጥለው ዓመት ወደ መተማ ሲዘምቱ፣ የወሎ ልጅ በሁለቱም ሰልፍ ውስጥ ነበር። በዮሐንስ ሰልፍ ራስ ሚካኤል ነበሩ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ወደቁ። ክርስትና ያነሷቸው አባት ሲሞቱ ሚካኤል ወደ ወሎ ተመልሰው ለምኒልክ ገቡ።

ምኒልክ በዚያው ሰሞን ወሎ ውስጥ ነበሩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ያን መዘዘኛ ውል ተፈራረሙ። 17ኛው አንቀጹ ያመጣውን ሁሉም ያውቃል። ለሙስሊሙ ግን ያ ዓመት ሌላ ነገር አመጣ። ምኒልክ የዮሐንስን የግዴታ አዋጅ አላስቀጠሉም፤ ቀን በቀን ላላ። የተሸሸገው ኪታብ ወጣ፣ አዛን ተሰማ። በግድ ከተጠመቁት መካከል እጅግ ብዙው ወደ ሃይማኖቱ ተመለሰ። ገዥው ራስ ሚካኤል ይህን አላገዱም። ሸሆችን አስጠጉ፤ በግዛታቸው ውስጥ ያለው ሙስሊም ሕዝብም ተረጋጋ። እሳቸው ግን አልተመለሱም። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ጾሙን ጾሙ፣ ልጆቻቸውን በክርስትና አሳደጉ። በልባቸው ሙስሊም ነበሩ የሚለው ወሬ በኋላ ጠላቶቻቸው ለፖለቲካ የተጠቀሙበት፣ ወዳጆቻቸውም ለመጽናኛ የተቀበሉት ይመስለኛል። የሰው ልብ የአላህ ነው። ያደረጉት ሥራ የሚናገረው ግን የገቡበትን ሃይማኖት የምር መያዛቸውን ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወሎ ፈረሰኛ በራስ ሚካኤል መሪነት የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ አጣድፎ ፈጀው። ጄኔራሉም ከዚያ አልተመለሰም። ያ ፈረሰኛ በአብዛኛው ኦሮሞና ሙስሊም እንደነበረ ማንም የሚክደው አይደለም፤ በበዓሉ ዕለት ግን ብዙ አይነሳም። ከሰባት ዓመት በፊት ኪታቡን ከመሬት ውስጥ ያወጣ ሰው ነው ለዚች አገር በዚያ ሸለቆ የወደቀው።

ከዓድዋ በኋላ ያሉት ዓመታት የሚካኤል የደስታ ዓመታት ናቸው። ከዓድዋ በፊት የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወልደው ነበር። ዮሐንስ የሰየሟትን ደሴን ዋና ከተማቸው አድርገው አሳደጓት፤ ገበያዋ ደመቀ። አይጠየፍ የተባለውን ታላቅ የግብር አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ስሙ ማንንም የማይንቅ ማለት ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በሚኖርበት አገር፣ እንደዚያ ያለውን ዘመን ያሳለፈ ሰው ለአዳራሹ ይህን ስም መምረጡ እንዲያው የመጣ አይመስለኝም።

በአምባሰል በኩልም ዝምድና ሠሩ። የአምባሰል ገዥ ከጥንት ጀምሮ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ በዚህ የማዕረግ ስም የሚጠራ ሌላ ገዥ አልነበረም። አምባሰል ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጥቅምት 1524 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግልን ድል አድርገው ሊማርኳቸው ጥቂት የቀራቸው ምድር ነች፤ በሩን የያዘ የቤተ አምሐራን መግቢያ ይይዛል። ሚካኤል ልጃቸውን ወይዘሮ ስኂንን ለጃንጥራር አስፋው ዳሩ። ከዚህ ጋብቻ መነን የምትባል ልጅ ተወለደች። ይህች ልጅ ወደኋላ ትመጣለች።

ግንቦት 1901 ዓ.ም. ምኒልክ በሕመም ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ሞግዚቱ ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ በወጣቱ እጅ ገባ። ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት 23 ቀን ደሴ ላይ አቡነ ጴጥሮስ ሚካኤልን ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ብለው ቀቧቸው። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት በዚያው ወር፣ ከዚያው ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ስማቸውን ለመቀየር ተሰልፈው ነበር።

ኢያሱ ግን እንደ አባታቸው ጥንቁቅ አልነበሩም። ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ እየወረዱ ከሙስሊሙ ጋር ተቀመጡ፣ ከሱማሌና ከአፋር ባላባቶች ጋር ተዛመዱ፣ ከቱርክ ቆንስል ጋር ተወዳጁ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነውና እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ደነገጡ። የሸዋ መኳንንት ደግሞ ሹመታቸው ያሰጋቸው ነበር። ሁለቱ ስጋቶች ተገናኙና ኢያሱ ሰልሟል የሚል ክስ ወለዱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ለእኛ አንባብያን ልብ ልንለው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ አባትየው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ትተው ሠላሳ ስምንት ዓመት ክርስቲያን ሆነው ቢኖሩም፣ ጊዜው ሲደርስ ልጃቸውን የጣለው ያ የተተወው ሃይማኖት ነው። ጥምቀቱ ለእሳቸው ሹመት አስገኘ፤ ለልጃቸው እምነት አላስገኘላቸውም።

ንጉሥ ሚካኤል ክተት አወጁ። እስከ 80,000 ይደርሳል የተባለ ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት ውስጥ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ገጥመው ድል አደረጉ፤ ልዑል ሰገድም ሞቱ። በቀጥታ አዲስ አበባ ቢገቡ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር ይባላል። ነገር ግን የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልባቸው ከእሳቸው ጋር የቆሙ እየመሰሉ በመልእክት እንዳዘናጓቸው ይነገራል። ያ ጥቂት ቀን ለሸዋ ሠራዊቱን ማሰባሰቢያ ሆነው። ጥቅምት 17 ቀን፣ ኢያሱ ከተሻሩ ልክ በወሩ፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ገጠሙ። ቀኑን ሙሉ ተፋጁ። በዚያን ቀን የወደቀው ሰው ብዛት ከዓድዋ ወዲህ በዚች አገር ያልታየ ነበር፤ ገዳዩም ሟቹም የአንድ አገር ሰው ነው፣ ብዙው ከሃያ ዓመት በፊት ዓድዋ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፈ ነው። የወሎ መትረየስ ጥይት አለቀ፤ ሽማግሌው ንጉሥ ተማረኩ። ኢያሱ ከአፋር በኩል ሲደርሱ ጊዜው አልፎ ነበር።

አሁን ያቺን የአምባሰል ልጅ እንመልሳት። መነን በቶራ መስክ የሞቱት የራስ ልዑል ሰገድ ሚስት የነበረች ናት። በ1903 ዓ.ም. ከእሳቸው ተለይታ ራስ ተፈሪን አገባች። እንግዲህ አያቷ የቀድሞ ባሏን ቶራ መስክ ላይ ሲጥሉ፣ ያሁኑ ባሏ ደግሞ በሳምንቱ አያቷን ሰገሌ ላይ ማረከ። በዚያ ወር ወይዘሮ መነን ለማን እንዳለቀሱ ማን ያውቃል? የወሎ፣ የሸዋ፣ የሙስሊም፣ የክርስቲያን እያልን የምንለያየው ታሪክ በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው በአዲስ አበባ በድል ሰልፍ ላይ እንዲታዩ ተደረገ። ተመልካቹ ሕዝብ ዝም አለ ይባላል። ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት አልፎ ነበር። ከዚያ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጠባቂነት ታስረው ሁለት ዓመት ያህል ቆዩና በ1910 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አረፉ። ልጃቸው ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. መቅደላ ላይ መሽገው ለጥቂት ጊዜ ተከላከሉ፤ ከከበባው አምልጠው እስከ 1913 ዓ.ም. ሲንከራተቱ ቆይተው ተያዙ፤ በ1928 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። የልጅ ልጃቸው መነን በ1923 ዓ.ም. እቴጌ ሆና ዘውድ ደፋች። ስለዚህ ከእሷ የተወለደው የመጨረሻው ንጉሣዊ ቤተሰብ የኢማም ዓሊ አባ ቡላ ዘር ነው።

ሸህ ጦልሐ ደግሞ ከዮሐንስ ሞት በኋላ ከስደት ተመለሱ። ከምኒልክ መንግሥት ጋር ታረቁ፤ ሰይፉን ትተው በማስተማርና መንዙማ በመድረስ ኖሩ። የያኔው ባላጋራቸው ራስ ሚካኤል ሲነግሡም ሲታሰሩም ሸሁ በሕይወት ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ገደማ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ሲሞቱ የኢጣሊያ ጦር ወሎን እየያዘ ነበር። መንዙማዎቻቸው እስከ ዛሬ በወሎ የሐድራ ሌሊቶች ይባላሉ።